«ናፍቆት ነው» ከማለታችን በፊት



ከመካከላችን አንዷ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ወለል ለመወልወል ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ዓይኗ ሲጨልም ምን እንላታለን? «ናፍቆት ነው፣ አትጨነቂ»፤ አለዚያም «ቡዳ በልቶሽ ይሆናል»። ማዳም ደግሞ «ሰነፈች» ትላለች። እርግጥ ብዙ ጊዜ ድካም ወይም የደም ማነስ ይሆናል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ዛሬ እምብዛም ስለማይሰማ አንድ ሕመም ማንሣት የወደድነው ስለዚህ ነው።

ማይክሶማ ይባላል። በልብ ውስጥ የሚበቅል እጢ ነው፤ ካንሰር ግን አይደለም። የሚይዘው እጅግ ጥቂት ሰው ሲሆን ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ከ4ቱ 3ቱ ያህል የሚገኘው በግራ በኩል ባለው የላይኛው የልብ ክፍል ነው። ብዙውን ጊዜ እንደ ፍሬ ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ፣ ሰው ሲነሣ ወይም ሲገላበጥ የደሙን መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል። ራስን መሳት ከዚህ ይመጣል። ትኩሳት፣ ክሳትና የመገጣጠሚያ ሕመምም ሊኖር ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቁራጩ ተገንጥሎ ወደ አንጎል ከሄደ ወጣቷን ሽባ ሊያደርጋት መቻሉ ነው።

ሕመሙ አታላይ ነው። በማዳመጫ ሲሰማ፣ በአገራችን የተለመደውንና በልጅነት ቶንሲል ሰበብ የሚመጣውን የልብ በር መጥበብ ይመስላል። የሚለያቸው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው፤ እርጉዝ ሴት የምትታይበት ዓይነት መሣሪያ ደረት ላይ ይደረጋል። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ደከመኝ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። የሚብሰው ስትተኙ ነው ወይስ ስትነሡ? ወድቃችሁ ታውቃላችሁ? ይህንን ንገሩ። ቋንቋው ካስቸገረ የምትችል እኅት ይዛችሁ ሂዱ።

«እጢ» ሲባል ለቅሶ የሚጀምሩ አሉ፤ እኛ አንስማማም። ኪኒን አያጠፋውም፣ ቀዶ ጥገና ግን ያወጣዋል። ስዊድናዊው ሐኪም ክላረንስ ክራፉርድ እ.ኤ.አ. በ1954 ስቶክሆልም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ካወጣው ወዲህ የታወቀ ሥራ ሆኗል። አብዛኞቹ ይድናሉ። አልፎ አልፎ ተመልሶ ስለሚበቅል ከዚያም በኋላ በየጊዜው በኢኮ መታየት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንቃወማለን፤ «ቲኬት ቆርጠን እንሸኛትና አገሯ ትታከም» የሚለውን። ሐኪሞች እጢው ከታየ በኋላ ቀዶ ጥገናው እንዳይዘገይ የሚሹት ቁራጭ ሳይገነጠል ለመድረስ ነው። ሐኪሙ «መሄድ ትችላለች» ሳይል ቲኬት አይቆረጥ። ይህን ለማዳም ብቻዋን መናገር የሚከብዳት እኅት ካለች ትንገረን፤ አብረናት እንሄዳለን።