በየትኛው ሕዋስ? በስንት ዲግሪ?

ቫይረስ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ብቻ የሚባዛ ረቂቅ ተዋሲ መሆኑን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንማረውና ስናስተምረው ኖረናል። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። ይሁንና በፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው ይህ መልስ ሁለት ጥያቄዎችን ሳይነካ ያልፋል፤ በየትኛው ሕዋስ? በስንት ዲግሪ ሙቀት? በእኛ እምነት እነዚህ ጥያቄዎች ለባለሙያ ብቻ የሚተዉ ዝርዝሮች ሳይሆኑ የቫይረስ ትምህርት ምሰሶዎች ናቸው። ሳይጠየቁ ሲቀሩ የሚያስከፍሉት ዋጋም ከፈተና ነጥብ እጅግ የከበደ ነው።

ከተራው ጉንፋን እንጀምር። በእንግሊዝ አገር በሶልዝበሪ ከተማ አጠገብ በ1946 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከታማሚዎች አፍንጫ የወሰዱትን ፈሳሽ በሕዋሳት ላይ ለማራባት ለዓመታት ቢደክሙም ጥረታቸው በአብዛኛው ሳይሰምር ቀረ። ዴቪድ ቲሬልና ባልደረቦቹ በ1960 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረጉት ግን፣ የሰው ፅንስ ኩላሊት ሕዋሳትን ተጠቅመው፣ ሙቀቱን ከተለመደው ወደ 33 ዲግሪ ሴልሲየስ ዝቅ፣ የማራቢያውን ፈሳሽ አሲድነት ደግሞ ጥቂት ከፍ ሲያደርጉ ቫይረሱ ተባዛላቸው። ነገሩ ሲያስቡት እንግዳ አይደለም። የምንስበው አየር አፍንጫችንን ስለሚያቀዘቅዘው በዚያ ያለው ሙቀት ከሳንባችን ያነሰ ነው፤ ዛሬ ራይኖቫይረስ ብለን የምንጠራው ተዋሲ የለመደውም ይህንኑ ቤት ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ2015 እ.ኤ.አ. በአይጥ የአየር ቧንቧ ሕዋሳት ላይ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ33 ዲግሪ የሕዋሱ የመከላከያ ምላሽ፣ ኢንተርፌሮን የተባለውን የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ማመንጨትን ጨምሮ፣ በ37 ዲግሪ ከሚታየው ይልቅ ደካማ ነው። እንግዲህ ሙቀት የሚሠራው በቫይረሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በአስተናጋጁ ሕዋስ ላይም ጭምር ነው ማለት ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ነጣጥሎ መጠየቅ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሕዋሱን ዓይነት አለመጠየቅ ሥራን ለዓመታት ሊያዘገይ እንደሚችል የልጅነት ልምሻ ታሪክ ይመሰክራል። የልምሻው ቫይረስ የሚራባው በነርቭ ሕብረ ሕዋስ ብቻ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰዶ ነበር። ኤንደርስ፣ ዌለርና ሮቢንስ በ1949 እ.ኤ.አ. ነርቭ ባልሆነ የሰው ፅንስ ሕብረ ሕዋስ ላይ ቫይረሱን ሲያራቡት በሩ ተከፈተ። በ1954 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ በተከታዩ ዓመትም የሳልክ ክትባት ለአገልግሎት በቃ።

መዘግየት አንድ ነገር ነው፤ መሳሳት ግን የባሰ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ክሎሮኪን የተባለው የታወቀ የወባ መድኃኒት የኮሮና ቫይረስን በቤተ ሙከራ እንደገታ ተነገረ። ሙከራው የተካሄደው ቬሮ በሚባሉት ሕዋሳት ላይ ነበር፤ እነዚህም በ1962 እ.ኤ.አ. በጃፓን ከአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ ኩላሊት የተገኙ፣ ኢንተርፌሮን ስለማያመነጩም ብዙ ቫይረስ በቀላሉ የሚባዛባቸው ሕዋሳት ናቸው። ዜናው ከአገር አገር በረረ። ሰዎች መድኃኒቱን በገፍ ሲሸምቱ፣ ለሌላ ሕመም የሚታከሙበት ግን እጥረት ገጠማቸው። በዚያው ዓመት አጋማሽ በሰው የሳንባ ሕዋሳት ላይ ሙከራው ሲደገም ክሎሮኪን ቫይረሱን አልገታውም። ምክንያቱ የመግቢያው በር ልዩነት ነው። በቬሮ ሕዋስ ቫይረሱ የሚገባው አሲድ ባዘለ ከረጢት ተውጦ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ያንን አሲድነት ይቀንሳል። በሳንባ ሕዋስ ገጽ ላይ ግን ቫይረሱን የሚያስገባ ሌላ ኢንዛይም አለ፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የዘጋው በር ቫይረሱ የማይጠቀምበት በር ሆኖ ተገኘ። በእንግሊዝ በሆስፒታል ታማሚዎች ላይ የተካሄደው ሰፊ ሙከራም ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሞትን ቁጥር እንዳልቀነሰ አረጋገጠ። «በየትኛው ሕዋስ?» ብሎ የጠየቀ አንባቢ ቢበዛ ኖሮ ሽሚያው ጋብ ባለ ነበር ብለን እናምናለን።

ጥያቄው ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ከዋነኛ መንስኤዎቹ አንዱ የደስታ በሽታ የተባለው የከብት እልቂት ነበር፤ በሬው ሲያልቅ እርሻው ጦም አደረ። ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ይህን ቫይረስ በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ከ90 ጊዜ ያህል በላይ ደጋግሞ ሲያሳልፈው፣ ቫይረሱ ከብት የማሳመም ኃይሉን አጣ፤ በሽታ የመከላከል አቅም የማስገኘት ችሎታው ግን አልጠፋም። አዲስ ሕዋስ የቫይረሱን ጠባይ ለወጠው ማለት ነው።

ሆኖም ክትባቱ ቅዝቃዜ የሚፈልግ በመሆኑ ቆላውን ማዳረስ አዳጋች ነበር። ኋላ ላይ በቬሮ ሕዋሳት ተራብቶ በተሻሻለ ዘዴ የደረቀው ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ይቆይ ስለነበር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፋር አርብቶ አደሮች ዘንድ በኅብረተሰቡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች አማካይነት ተዳረሰ። ተማሪዎች እዚህ ላይ ልብ እንዲሉ የምንሻው ነገር አለ፤ ቫይረስ የሚባዛበት ሙቀትና ከሕዋስ ውጭ ሳይበላሽ የሚቆይበት ሙቀት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ለአፋሩ ክትባት ወሳኝ የነበረው ሁለተኛው ነው። ዓለም ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ በ2011 እ.ኤ.አ. ታወጀ።

ይህ ሁሉ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይከብድም ወይ? የሚሉ መምህራን ይኖራሉ። ሥጋታቸውን እንረዳለን፤ የቫይረስ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት የለምና። ነገር ግን እኛ የምንጠይቀው መሣሪያ ሳይሆን ልማድ ነው። መምህሩ የአንድ ቫይረስ ስም በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ከጎኑ ሁለት ነጥቦች ይጨምር፤ የሚባዛበት ሕዋስና ያ ሕዋስ የሚገኝበት የአካል ክፍል ሙቀት። ተማሪውም ጉንፋን ለምን አፍንጫን፣ ልምሻ ለምን እግርን እንደሚጎዳ ከመሸምደድ ይልቅ ማሰብ ይጀምራል።

ግዴታው ለእኛም ለጸሐፊዎች ነው። «ቫይረሱን ገደለ» የሚል ዜና ስናቀርብ ሙከራው በምን ሕዋስና በምን ሙቀት እንደተደረገ ሳንጠቅስ ማለፍ የለብንም። ብናልፍ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ጥያቄውን ለእኛው መልሳችሁ እንድታቀርቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።