ለቆራሌው የተሸጠችው ካርቶን



ባለፈው ክረምት ቤታችንን ስናጸዳ ከልጃችን አልጋ ሥር አንዲት ካርቶን አገኘን። በውስጧ የተሰበረ ራዲዮ፣ የሽቦ ቍርጥራጭና ልጆች ጆይስቲክ የሚሉት አሮጌ የጨዋታ መቈጣጠሪያ ነበረባት። ወዲያውም «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ከደጅ ስለ ተሰማ ጠርተን በጥቂት ብር ሸጥናት። ልጁ ሲመለስ አላለቀሰም፤ «አባዬ፣ ሞተሮቹ እኮ ደኅና ነበሩ» ብቻ አለን።

ነገሩ ከሕሊናችን አልወጣ ስላለ ጥቂት አነበብን። ሮቦት ማለት ዙሪያውን በመጠኑ እየተረዳ እንደ ታዘዘው የሚንቀሳቀስ መኪና ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በጋና የአሸሲ ዩኒቨርሲቲ መምህርት አዮርኮር ኮርሳህና በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኬን ጎልድበርግ ዋጋው 10 ዶላር ገደማ የሆነ የተማሪዎች ሮቦት እንዲነደፍ ውድድር አወጡ። ከአሸናፊዎቹ አንዱ፣ በታይላንድ የሚኖረው ቶማስ ቲሊ፣ ሮቦቱን የሠራው ከምን ይመስላችኋል? ከጆይስቲክ ነው! የተጫዋቹን እጅ ለማንቀጥቀጥ በውስጡ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ሮቦቱን እንዲነዱ አደረጋቸው። በአውራ ጣት በሚገፉት ዘንጎች ላይም ስንጥር የተሰካበት ከረሜላ አቆመባቸው። ሮቦቱ ከግድግዳ ሲጋጭ ከረሜላው ያዘነብላል፤ ዘንጉም አብሮ ስለሚያጋድል ኮምፒዩተሩ ግጭቱን በሽቦው በኩል ያውቃል። ወጪው 8 ዶላር ከ96 ሳንቲም ብቻ ነበረ። ከረሜላ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ሲውል በበኩላችን የሰማነው ይህ የመጀመሪያው ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አቧራ የሚጠጡት ፕሪንተሮችም ሞተርና ጥርስ አላቸው፤ ነገር ግን የመንግሥት ንብረት ናቸውና እጃችንን ሰብስበናል።

ወላጆች ግን ይጠንቀቁ። ባለ ትልቅ መስተዋት አሮጌ ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ስለሚይዙ በልጅ እጅ አይከፈቱም። ያበጠ የስልክ ባትሪ እሳት ያስነሣል። መዳቡን ለማውጣት ሽቦን ማቃጠልም ጢሱ መርዝ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ይዘን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። ብዙ ከዞርን በኋላ አንድ የተሰነጠቀ ጆይስቲክ፣ ካርቶኗን ከሸጥንበት ዋጋ በላይ ከፍለን ገዛን። ሻጩ ምን ሊያደርግልን እንደሆነ ጠየቀን፤ ልጁ መለሰለት፣ እኛ ዝም አልን። ማታ ሞተሮቹን አውጥቶ በባትሪ ድንጋይ ነካ ነካ ሲያደርጋቸው አንደኛው ዞረ። ሁለተኛውን ገና እየፈለግን ነን።