የሕግ ጋጋታ በምናብ አገሮች ምክር ቤት

በኢንተርኔት ላይ በጨዋታ የተመሠረቱ አገሮች አሉ። ዜጎቻቸው ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። መሬት የላቸውም፣ ፖሊስ የላቸውም፣ ግብር አይሰበስቡም። ምክር ቤት ግን አላቸው። አፈ ጉባኤ ይመርጣሉ፣ ረቂቅ ያቀርባሉ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ ሥልጣን ላይ የነበረው ወገን ሪፖርት ይዞ ይቀርባል፤ ሪፖርቱም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በቁጥር ነው። ይህን ያህል ረቂቅ ቀረበ፣ ይህን ያህሉ ጸደቀ፣ ካለፈው ዘመን ይህን ያህል በለጠ ይባላል። ተቃዋሚውም የሚከሰው በዚያው ቁጥር ነው፤ ሕግ ካልወጣ ምክር ቤቱ ተኝቷል ይላል። ሁለቱ ወገኖች በምንም ነገር ባይስማሙ በዚህ መለኪያ ይስማማሉ።

እኔ አልስማማም። መለኪያው የተሳሳተ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ምክር ቤቶች ያላቸውን ብቸኛ ውድ ነገር እየበላ ያለ መለኪያ ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለማሳየት የጨዋታውን አሠራር ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚታወቀው ኔሽንስቴትስ ነው። አውስትራሊያዊው ደራሲ ማክስ ባሪ እ.ኤ.አ. በ2002 «ጄኒፈር ገቨርንመንት» ለተባለው ልብ ወለዱ ማስተዋወቂያ እንዲሆን ከፈተው። ተጫዋቹ አንድ አገር ይፈጥራል፤ በየዕለቱ ጉዳዮች ይቀርቡለታል፤ ውሳኔው የአገሩን ኢኮኖሚና የዜጎቹን መብት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። 28 ቀን ሳይገባ የቀረ ሰው አገሩ ይጠፋል። አገሮቹ በክልሎች ይሰባሰባሉ፤ ከክልሎቹ በላይ ደግሞ አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አለ። ጉባኤው በመጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት ይባል ነበር። እውነተኛው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስሜንና አርማዬን አትጠቀሙ የሚል ደብዳቤ ከላከ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ስሙ የዓለም ጉባኤ ሆነ። የቀድሞዎቹ ውሳኔዎች በሙሉ ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ዛሬ ከ600 አልፏል።

አንድ ረቂቅ ለድምፅ እንዲቀርብ ከክልል ተወካዮች የ6 በመቶውን ይሁንታ ማግኘት አለበት። ከዚያ አራት ቀን ድምፅ ይሰጥበታል። ተራ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ የክልል ተወካይ ግን ድጋፍ በሰጡት አባላት ቁጥር ልክ ተጨማሪ ድምፅ ይይዛል። ስለዚህ ትልልቅ ክልሎችን የያዙ ጥቂት ተወካዮች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ የቀረው ሕዝብ ተከትሏቸው ይሄዳል። ተጫዋቾች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ የምረጡኝ መልእክታቸውንም የሚልኩት በዚሁ ስሌት ነው። መልእክቱን በብዛት ለመላክ የሚያገለግለው ቴምብር በእውነተኛ ገንዘብ እንደሚሸጥም አንባቢ ይወቅ።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ረቂቅ የሚያቀርብ ሰው ለረቂቁ አንድ ዘርፍና አንድ የጥንካሬ ደረጃ ይመርጣል፤ ሰብዓዊ መብት፣ ነፃ ንግድ፣ ማኅበራዊ ፍትሕ፣ ዓለም አቀፍ ደኅንነት እያለ። ውሳኔው ሲጸድቅ ኮምፒውተሩ የየአባል አገሩን አኃዝ የሚያስተካክለው በዘርፉና በደረጃው ብቻ ነው። ጽሑፉን አያነብም። ደራሲው ስድስት ሳምንት የደከመበት፣ በእያንዳንዱ ነጠላ ሰረዝ ላይ ክርክር የተደረገበት ጽሑፍ ለማሽኑ ባዶ ወረቀት ነው። በአንድ ዘርፍና በአንድ ደረጃ የጸደቁ ሁለት ውሳኔዎች፣ አንዱ በጥበብ የተጻፈ ሌላው በችኮላ የተሞነጫጨረ ቢሆኑም፣ በኮምፒውተሩ ዘንድ ልዩነት የላቸውም።

ታዲያ ጽሑፉ የተጻፈው ለማን ነው? ለሰው ነው። የሚያነበው፣ የሚከራከርበት፣ አገሬ በዚህ ትገዛለች ብሎ በምናቡ የሚቀበለው ሰው ብቻ ነው ሕግ የሚያደርገው። አንባቢ ያጣ ሕግ በእነዚህ አገሮች ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በእውነተኛ አገር ዜጋው ባያነበውም ዳኛው ያነበዋል፣ ግብር ሰብሳቢው ያነበዋል፣ ፖሊሱ ያስፈጽመዋል። እዚህ እነዚያ የሉም። ይህ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ውሳኔ የሚጨምር ሰው ሕግ እያበዛ ሳይሆን በየሕጉ ላይ የሚያርፈውን ዓይን እያሳነሰ ነው።

በዚህ ላይ የማሻሻያ ክልከላው አለ። በዓለም ጉባኤ ደንብ የጸደቀ ውሳኔ አይሻሻልም፤ የሚቻለው መሻርና በአዲስ መተካት ነው። ደንቡ ለአሠራር ሲባል የተደነገገ ነው፤ በራሱ አልቃወመውም። መሻሪያው ግን ራሱ ውሳኔ ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የመሻሪያው ደራሲም እንደ ማንኛውም ደራሲ በአገሩ ገጽ ላይ ምልክት ይደረግለታል። ስለዚህ ለአንድ ጉዳይ ሦስት ምልክት ይገኝበታል፤ ለመጀመሪያው ውሳኔ፣ ለመሻሪያው፣ ለምትኩ። የሚያኮራው ምልክቱ ሲሆን ደግሞ በቅን ልብ ሲታይ ምንም የማይጎድለው ውሳኔ ጉድለት ይፈለግለታል። አንድ ቃል ሰፋ ብሏል፣ አንድ ሐረግ ለሁለት ትርጉም ክፍት ነው ተብሎ ይሻራል። ከወር በኋላ ያው ሐሳብ በሌላ ሰው ስም ተመልሶ ይመጣል። ይህን ዑደት የሕግ አውጪነት ትጋት ብለው የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ብክነት እለዋለሁ።

ወደ ክልሎቹ እንውረድ፤ ጉዳዩ የሚከብደው እዚያ ነው። ብዙ አዲስ አገሮች የሚወለዱት በአምስቱ ፓስፊኮች ነው፤ ፓስፊክ፣ ሰሜን ፓስፊክ፣ ደቡብ ፓስፊክ፣ ምሥራቅ ፓስፊክ፣ ምዕራብ ፓስፊክ ይባላሉ። ብዙዎቹ የየራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት አቋቁመዋል። ጨዋታው ግን ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም። እርሱ በዋናነት የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ከአባላት ብዙ ድጋፍ ያሰባሰበውን የክልሉን ተወካይ። ሌላውን ከክልሉ የማባረርና የማገድ ቁልፍ በእርሱ እጅ ነው። ሕገ መንግሥቱ ተወካዩ በምክር ቤቱ ይሾማል፣ በምክር ቤቱ ይሻራል ሊል ይችላል። ተወካዩ አልወርድም ካለ ግን ሕገ መንግሥቱ የሚያስገድድበት ጣት የለውም።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ አደጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓስፊክ በአንድ ተወካይ እጅ ወድቆ አዲስ ሥርዓት ታወጀበት። ደቡብ ፓስፊክ በ2013 በራሱ ተወካይ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደበት፤ በ2016 ደግሞ ተደገመበት። በእነዚያ ቀናት የሕጉ ውፍረት ለማንም አልጠቀመም። ተወካዩን የሚያስወርደው አባላቱ አንድ በአንድ ድጋፋቸውን ነስተው ለሌላ ሲሰጡ ነው፤ ይህን የሚያደርጉትም ሕጉ የእኔ ነው ብለው ካመኑ ነው። ሕጉ የእኔ ነው የሚል ሰው ደግሞ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ነው።

ዕድር ውስጥ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ አጭር ነው። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ ድንኳን ተከላ ላይ ያልተገኘ ምን እንደሚቀጣ፣ ሐዘን ለገባው ቤት ምን እንደሚደረግ ይናገራል። አባሉ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ያከብረዋል። ደንቡ የሚሻሻለው አንድ ነገር ሲያስቸግር፣ የተጎዳ ሰው ተነሥቶ ሲናገር ነው። ዳኛው ዘንድሮ ሃያ አንቀጽ ጨምሬያለሁ ብሎ እንደገና ምረጡኝ ቢል ማን ይሰማዋል? የምናብ አገር ምክር ቤትም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ አስገዳጅ በሌለበት በቃል መታሰር። ለእኔ የእነዚህ ጨዋታዎች ክብር ይህ ነው። ማንም ሳይቀጣቸው ተሸንፈው ወንበር የሚለቁ፣ ፍርድ ሲጎዳቸውም ፍርዱን የሚቀበሉ፣ አብዛኞቹ ገና ወጣት የሆኑ ሰዎች አሉ። ይህን ልምምድ በሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኙትም።

በዚህ ላይ የሕግ ጋጋታ ሲወርድበት የመጀመሪያው ተጎጂ አዲስ ገቢ ነው። ዛሬ ዜግነት የጠየቀ ሰው ሕገ መንግሥቱን፣ የምርጫ ሕጉን፣ የምክር ቤቱን የሥነ ሥርዓት ደንብ፣ የፍርድ ቤቱን አዋጅና የእነዚህን ሁሉ ማሻሻያዎች ካላነበበ በክርክሩ አፉን መክፈት አይችልም። ቢከፍት በአንቀጽ ቁጥር ይመልሱታል። ነባሮቹ ሕጉን የጻፉት እነርሱ ስለሆኑ ያውቁታል፤ አዲሱ ሲያጠናው ይለወጥበታል። ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚወጣው ስንፍና ይዞት አይደለም። ገና ሲገባ እንግዳ ተደርጎ ነው።

በሬዲት ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው የእንግሊዝ ፓርላማ አምሳያ ደግሞ መለኪያውን ወደ ምርጫው ራሱ አስገብቶታል። የፓርቲዎቹ የድጋፍ መጠን የሚሰላው በዘመኑ ውስጥ ባሳዩት ተሳትፎ ነው፤ ባቀረቡት ረቂቅና በክርክር ላይ ባደረጉት ንግግር። የታሰበው ለበጎ ነበር፤ በውጭ ተጠርተው የሚመጡ ድምፅ ሰጪዎች የሠሩትን ሰዎች እንዳይጥሏቸው። ለጥራት ነጥብ እንሰጣለን የሚሉ አወያዮችም በቅንነት የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ተሳትፎ ወንበር የሚያስገኝ ከሆነ ፓርቲው አባላቱን ተናገሩ እንጂ አስቡ አይላቸውም። በማያምንበት ረቂቅ ላይ አንቀጽ የሚጽፍ፣ ጓዱ የተናገረውን በሌላ ቃል የሚደግም፣ ችግር ሳይኖር መፍትሔ የሚያረቅ አባል ይበዛል። ይህ የሰዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ሥርዓቱ የጠየቃቸውን ነው የሰጡት።

የሚቀርብልኝን መልስ አውቀዋለሁ። ጨዋታ ነው፣ እንቅስቃሴ ከሌለ ሰው ይበተናል፣ ዝምታ ስንቱን ክልል ገድሏል ይሉኛል። እውነት አላቸው። 28 ቀን ያልገባ አገር በሚጠፋበት ዓለም ዝምታን መፍራት ተገቢ ነው። ነገር ግን የምክር ቤት ሥራ ሕግ ማውጣት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሚኒስትርን ጠርቶ መጠየቅ ሥራ ነው። ያለፈው ዘመን ሕግ ምን እንዳስገኘ መመርመር፣ የሞቱ ሕጎችን መልቀም፣ በዳኛ ሹመት ላይ ቀርቦ መከራከር፣ ከጎረቤት ክልል ጋር የተደረገ ስምምነት መጠበቁን መከታተል ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ ሰው ያነጋግራሉ፣ ያሟግታሉ፣ ያቀራርባሉም። ቁጥር ስለማይሰጡ ብቻ ማንም አይሮጥላቸውም። ሌሎች ደግሞ ረቂቅ መጻፍ ትምህርት ነው ይላሉ። ይህንንም እቀበላለሁ። በዓለም ጉባኤ አንድ ረቂቅ ለሳምንታት ለሕዝብ ትችት ቀርቦ፣ ከነባር ውሳኔ ጋር መጋጨት አለመጋጨቱ በተጫዋች ዳኞች ተመርምሮ የሚወጣበት ልማድ አለ። ከእርሱ ብዙ ሰው ጠንቃቃ አጻጻፍ ተምሯል። ነገር ግን ተማሪው የሚማረው ያ ረቂቅ ሲታሽና ሲወድቅ ጭምር ነው። ምልክት የሚሰጠው ላለፈው ብቻ ሲሆን፣ በክርክር ተረትቶ ረቂቁን በክብር ያነሣ ሰው ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል።

ምክር ቤቶቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ከባድ ነገር አይደለም። ረቂቅ የሚያቀርብ አባል ሕጉ ባለመኖሩ የተፈጠረን አንድ የታየ ችግር፣ መቼና በማን ላይ እንደደረሰ ጠቅሶ ይነሣ። ከየሁለት የሥራ ዘመን አንዱ ያለውን ሕግ ለማንበብና ለመቀነስ ብቻ ይዋል። የመንግሥት ሪፖርት የጸደቁ ሕጎችን ቁጥር ትቶ፣ ስንት አዲስ ዜጋ በክርክር እንደተናገረና ስንቱ እንደቆየ ይንገር።

ይህን የምጽፈው ለተጫዋቾቹ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተባበሩት መንግሥታት አምሳያ ጉባኤ የሚያዘጋጁ መምህራን አሉ፤ በአገራችን የሕፃናት ፓርላማ የሚባልም አለ። ልጆቹ በዚያ የሚይዙት ልማድ ነገ በማኅበር፣ በቀበሌ፣ በምክር ቤት አብሯቸው ይሄዳል። ለእናንተ ያለኝ ልመና አንድ ነው፤ ሽልማቱን የውሳኔ ሐሳብ ላበዛ ልጅ አትስጡ። ባለፈው ስብሰባ የጸደቀው የት ደረሰ ብሎ ለጠየቀው ስጡት።