ስለ አንዲት የቀለም እናት

«የሞተ ልጅ ዐንገቱ ረዥም ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይኸ ተረት የሚነገረው፥ ሰው በሕይወት ሳለ ያልታየለት መልክና ሙያ ከሞተ በኋላ ሲበዛለት ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ነገር ግን ከተረቱ ጥቂት ለየት ያለ ነው። የምናነሣቸው ሴት በሕይወት ሳሉም ተመስግነዋል፤ ካረፉም በኋላ ስማቸው አልጠፋም። የተረሳው ከሙያቸው አንዱ ክፍል ነው፤ እሱም በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው።

እኚህ ሴት በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ያረፉት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

በቅርቡ ማታ በመኝታ ክፍላችን እንደ ልማዳችን ስንከራከር፥ አንዱ ጓደኛችን ስማቸውን አነሣና ማን እንደ ነበሩ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። አንዱ «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ናቸው» አለ። ሁለተኛው «አርበኛ ነበሩ፤ ጣልያን አስሯቸዋል» አለ። ሦስተኛው የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ሦስቱም የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን ከምንለው መካከል «አስተማሪ ነበሩ፤ ተውኔት እየጻፉ ሴቶች ልጆችን መድረክ ላይ ያወጡ ነበር» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። አፈርን። ይኸም ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ኀፍረት ነው።

ታሪካቸውን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ባጭሩ እንንገረው። ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው፥ በ1920 ዓ.ም. ገደማ፥ ከእኅታቸው ከወይዘሮ የውብዳር ጋራ ወደ አውሮፓ ተልከው በስዊስና በፈረንሳይ አገር ተማሩ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅን ባሕር ማዶ ልኮ ማስተማር ማለት ምን ማለት እንደ ነበረ፥ ዛሬ ለአንድ ዶክመንት ማኅተም ስንመላለስ የምንማረር እኛ በቀላሉ አይገባንም። ተምረው በተመለሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣልያን አገራችንን ወረረ። ወይዘሮ ስንዱም ወደ ጎሬ ሄደው፥ ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ማኅበር ጋራ ሆኑ። ኋላ ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተጋዙና በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ማስተማር ሥራ ገቡ፤ በ1923 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች የተቋቋመውን የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትንም ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ሆነው በዲሬክተርነት መሩ። በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ተውኔት የያዘውን «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ አዲስ አበባ ላይ ተወዳድረው አሸነፉና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ክብር መካከል አስተማሪነታቸው ለምን ተረሳ? መልሱ ሩቅ አይደለም። እንደራሴነት በመዝገብ ይጻፋል። አርበኝነት በሜዳይ ይታወቃል። ቤት የሠራ ቤቱ ይቀርለታል፤ መጽሐፍ የጻፈም መጽሐፉ ይቀርለታል። ያስተማረ ሰው ግን የሚቀርለት ያስተማረው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ያረጃል፥ ይዘነጋል፥ ይሞታል። ስለዚህ የአስተማሪ ሥራ ካልተጻፈ በቀር፥ ከተማሪው ጋራ አብሮ መቃብር ይወርዳል።

ቋንቋችን ለአስተማሪ የሰጠውን ስም እናስብ። የቄስ ትምህርት ቤትና የቅኔ ቤት ተማሪ ፊደል የቈጠረለትን፥ ምሥጢር የገለጠለትን ሰው «የቀለም አባቴ» ይለዋል። ይኸ ትልቅ ቃል ነው፤ ከሥጋ አባት ቀጥሎ፥ አንዳንድ ጊዜም አስቀድሞ፥ የሚጠራ ነው። «የቀለም እናት» ሲባል ግን እምብዛም አንሰማም። ሴት አስተማሪ ጠፍታ ነውን? አይደለም። በጎጃም ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ ለብዙ ወንዶች ተማሪዎች ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከጉባኤያቸው የወጡ መምህራን «የቅኔ አባቴ ማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት የሴት ስም ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ነበሩ፤ የጐደለው ቃሉ ነው። እኛ ወይዘሮ ስንዱን የቀለም እናት ብንላቸው ቋንቋውን ማበላሸት አይመስለንም፤ መሙላት ነው እንጂ።

አሁን ደግሞ ተውኔት ጽፈው ማሠራታቸው ለምን ትልቅ ነገር እንደ ሆነ እንናገር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት በሚነገርበት አገር፥ ጨዋ ልጅ ማለት ዐይኗን መሬት ላይ የተከለችና ድምፅዋ የማይሰማ ማለት ነበር። ይችን ልጅ መጻፍና ማንበብ ማስተማር ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያነበበችውን በቃሏ ይዛ፥ ቀና ብላ፥ በሰው ሁሉ ፊት ከፍ ባለ ድምፅ እንድትናገር ማድረግ ሌላ ትምህርት ነው። ይኸን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ማስተማር አይቻልም፤ መድረክ ያስፈልገዋል። መድረክ ደግሞ የሚናገሩት ቃል ያስፈልገዋል። ለሴቶች ልጆች አፍ የሚስማማ፥ ባማርኛ የተጻፈ ተውኔት በበቂ ባልነበረበት ዘመን፥ ወይዘሮ ስንዱ «የለም» ብለው አልተቀመጡም፤ ራሳቸው ጻፉት። ይኸች ሴት ኋላ በምክር ቤት ቆመው በወንዶች መካከል ሲናገሩ ብዙ ሰው ተገርሞ ይሆናል። እኛ ግን የሚመስለን፥ ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ልጆች ቆመው እንዲናገሩ ያደረጉ መሆናቸው ነው የሚበልጠው። ለራስ መናገር አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን ማናገር ሌላ።

ይኸን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከላይ ያነሣነው ክርክር በተደረገ በሳምንቱ አንዲት የክፍላችን ልጅ «አያቴ እኮ እዚያ ነው የተማረች» አለችን። ሦስት ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድን። አሮጊቷ ቡና እስኪፈላ ድረስ ስለ ጕልበታቸው ሕመምና ስለ ዘመኑ ኑሮ ሲያጫውቱን ቆዩ። የትምህርት ቤቱን ስም ስናነሣባቸው ግን ከዘራቸውን አስደግፈው ተነሡ። «ቁጭ ይበሉ እንጂ እማማ» ብንላቸው «ይኸ ተቀምጠው የሚሉት አይደለም» አሉን። ነጠላቸውን አስተካክለው፥ አገጫቸውን ቀና አድርገው፥ በልጅነታቸው መድረክ ላይ ይናገሩት የነበረውን ክፍል ጀመሩ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ የልጅ ልጃቸው እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አታውቅም ነበር። ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር እንደ ተናገሩ ግን ቃሉ ጠፋባቸው። እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ እንደ ገና ቆሙ። ከዚያም ቀስ ብለው ተቀመጡና «አምና ድረስ ነበረኝ እኮ ልጆቼ» አሉን።

ከእኛ ደብተር ያወጣ አልነበረም። ቡና ልንጠጣ ነበር የሄድነው። የተናገሯትንም ጥቂት ቃል በዚያው ሰዓት አልጻፍናትም፤ ማታ ተሰብስበን ለማስታወስ ስንሞክር ሦስታችንም የተለያየ ነገር ተናገርን። በዚያች ቀን የጠፋው በማንም አላፊነት አይደለም፤ በእኛ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይኸን ስንነግራቸው ሁለት ተቃውሞ አነሡብን። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፦ «የትምህርት ቤት ተውኔት ለወላጆች በዓል የሚታይ ጨዋታ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ አይባልም»። ይኸን የሚል ሰው ያማርኛ ተውኔት ከየት እንደ መጣ ቢያስብ መልካም ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ አስተማሪ ነበሩ፤ ተውኔቶቻቸውንም ያሳዩት በተማሪ ቤት ልጆች ነው። ዛሬ በብሔራዊ ቴአትር መጋረጃ የሚከፈትለት ጥበብ ካደገባቸው ቤቶች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ያደገበትን ቤት የሚንቅ ልጅ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «ዘመኑ የንጉሥ ዘመን ነበር፤ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ውዳሴና የሥነ ምግባር ትምህርት ይበዛ ነበር፤ ዛሬ ብናነበው ላይጥመን ይችላል» ይላል። ሊሆን ይችላል። እኛም ሁሉ ነገር ይጥመናል ብለን አንምልም። ነገር ግን ያላነበቡትን መናቅና ያላነበቡትን ማመስገን እኩል ስንፍና ነው። አስቀድመን እንሰብስበው፤ ከዚያ በኋላ እንንቀስ፥ እንተች፥ ካስፈለገም እንጣል። በመድረክ የታየ ሁሉ በመጽሐፍ አልገባም። ያልገባው ደግሞ ያለው በሴት አያቶቻችን ልብ ውስጥ ነው። በ1940 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረች ተማሪ ዛሬ ወደ 90 ዓመት ተቃርባለች። ይኸ መዝገብ ቤት ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ አይደለም፤ አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ምን እናድርግ? ሐውልት ይቁም፥ አዳራሽ በስማቸው ይሰየም የሚል አሳብ የሚመጣልን ብዙዎች ነን። ክፉ አሳብ አይደለም። ነገር ግን ገንዘብና ኮሚቴ ይፈልጋል፤ ኮሚቴም ቀጠሮ ይወዳል። እኛ የምንለው ነገር ግን ደብተርና እርሳስ ብቻ የሚፈልግ ነው።

መጀመሪያ፥ እያንዳንዳችን በቤተ ዘመዳችንና በሠፈራችን በዚያ ዘመን በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተማረች ሴት እንዳለች እንጠይቅ። ካለች ሄደን የተማረችውን፥ የሠራችውን ተውኔት፥ የለበሰችውን ልብስ፥ አብረዋት የተጫወቱትን፥ ቃሉንም ያስታወሰችውን ያህል እንጻፍ። ቃሉን ስንጽፍ የራሳችንን አንጨምርበት፤ የቆመችበት ላይ እንቁም። ሁለተኛ፥ የጻፍነውን በየሻንጣችን አናስቀር፤ አንዱን ቅጅ እዚሁ ግቢያችን ላለው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንስጥ። ትምህርት ቤቱ ከስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም፤ በደርግ ዘመን ስሙ የካቲት 12 ተብሎ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በበሩ አጠገብ በየቀኑ እያለፍን በውስጡ ምን እንደ ተዘራ አለመጠየቃችን ያስወቅሰናል። ሦስተኛ፥ «የልቤ መጽሐፍ»ን ፈልገን እናንብብ። የአስተማሪን ስም እየጠሩ መጽሐፏን አለመክፈት፥ ወደ ለቅሶ ቤት ሄዶ በር ላይ ቆሞ እንደ መመለስ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም የሚያስተምሩን አሉ። በጠዋት ገብተው፥ ለአንድ ግጥም አንድ ሰዓት ሙሉ የሚደክሙ፥ እኛም ሰዓታችንን እያየን «መቼ ይጨርሱ ይሆን» የምንላቸው። ከእነዚህ አንዷ ነገ ብታልፍ፥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የኀዘን መግለጫ ለመለጠፍ የሚቀድመን አይገኝም። «እናት ነበሩ» ብለን እንጽፋለን። ምን እንዳስተማሩን፥ በየትኛው ቀን በየትኛው ቃል ዐይናችንን እንደ ከፈቱልን ጻፉ ብንባል ግን ብዙዎቻችን እጃችን ይያዛል።

ያቺ አሮጊት ከሰባ ዓመት በላይ ያለ ደብተር የያዙትን ቃል፥ እኛ ከምሳ እስከ ራት ለመያዝ አልቻልንም። የተማረው ማነው? ይኸን ጥያቄ ለራሳችን ትተን፥ በሚመጣው ቅዳሜ እንደ ገና ወደ እሳቸው ቤት እንሄዳለን። አሁን ደብተር ይዘናል። ምናልባት የጠፋባቸው ቃል ይመጣላቸው ይሆናል፤ ባይመጣም የቀረውን እንጽፋለን።