የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ በምን ይመዘናል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሕመሙን ለሐኪም ለመግለጥ ለሚያፍር በሽተኛ ነው። እኔ ግን ዛሬ ነገሩን ገልብጬ ስለ ሐኪም ቤቱ ልናገርበት አስቤአለሁ። ሐኪም ቤትም እንደ ሰው ይታመማል፤ ሕመሙን ከደበቀም እንደ ሰው መድኃኒት አይገኝለትም። ይልቁንም በሽተኛው በየሳምንቱ እየተመላለሰ ነፍሱን በአደራ የሚሰጠው የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ሲሆን፣ የተደበቀው ሕመም ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ከዩኒቨርስቲ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ከተመረቅሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ ኩላሊታቸው ሥራውን ካቆመ ወዲህ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ለእጥበት ይሄዳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዣቸው የምሄደው እኔ ነኝ። ክሊኒኩን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት እጅግ ደስ አለኝ። ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ማሽኖቹ አዳዲሶች ናቸው፤ ነርሶቹም አጎቴን «አባባ» እያሉ ደግፈው ያስቀምጧቸዋል። ቤት ስመለስ ለእናቴ «እንዲህ ያለ ሐኪም ቤት አይቼ አላውቅም» አልኋት። አብዛኛው ሰውም ሐኪም ቤትን የሚመዝነው እኔ እንደመዘንሁት ሳይሆን አይቀርም፤ በወለሉ፣ በፈገግታውና በዕቃው አዲስነት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ዓይኔ ከግድግዳው ሰዓት ላይ ዐረፈ። ሐኪሙ ያዘዘላቸው አራት ሰዓት ሲሆን፣ ከማሽኑ የተላቀቁት በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ልጠይቅ ብድግ ስል አጎቴ እጅጌዬን ያዙኝና «ተው ልጄ፣ ይህን ወንበር ያገኘሁት ስንት ወር ደጅ ጠንቼ ነው። ቅር ቢላቸው ማን ይቀበለኛል?» አሉኝ። እኔም ተቀመጥሁ።

ነገር ግን ሒሳብ የተማረ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። በእያንዳንዱ እጥበት 30 ደቂቃ ቢጐድል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው በዓመት 52 ሰዓት ይጐድልበታል፤ ይህም አራት አራት ሰዓት ከሚፈጁት እጥበቶች 13ቱ ማለት ነው። ጉድለቱ የገንዘብ ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘብ ያዡ በኦዲተር ፊት ቆሞ ይመልስበት ነበር። የሰው ዕድሜ ሲሆን ግን ጠያቂ አልነበረም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በአጎቴ ካርድ ላይ ዘወትር የሚጻፈው «አራት ሰዓት» የሚል መሆኑ ነው።

ደቂቃው ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነውን? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ሌትም ቀንም አያርፉም። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በብዙ አገር በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ አራት አራት ሰዓት ለሚታጠብ በሽተኛ እንኳ ማሽኑ የሚሠራለት 12 ሰዓት ብቻ ነው። በአገራችን ደግሞ በገንዘብና በወንበር ችግር ብዙዎች በሁለት ቀን ስለሚወሰኑ፣ ድርሻቸው ስምንት ሰዓት ነው። ከስምንቱ ሰዓት ላይ የሚቀነስ ደቂቃ ከጠገበ ሰው ማዕድ እንደተነሣ ጕርሻ አይቈጠርም፤ ከረኃብተኛ አፍ እንደተነጠቀ ነው እንጂ። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ለአገራችን ታላቅ እርምጃ ነበር። ቢሆንም ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ ላላገኘ፣ ወይም ዕድሜውና ጤናው ላልፈቀደለት ሰው ኑሮው ይኸው ወንበር ነው።

ሰዓቱ ሲያጥር ሌላም ጕዳት ይከተላል። ማሽኑ በሰውነት የተጠራቀመውን ውኃ በጥቂት ጊዜ ለማውጣት ይቸኩላል። ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሰዓት ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይወጣ ይመክራሉ። ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በአራት ሰዓት ውስጥ ሦስት ሊትር ያህል ነው። ያንኑ ሦስት ሊትር በሦስት ሰዓት ለማውጣት መጣደፍ የደም ግፊትን ሊያወርድ፣ እግርን ሊያኮማትር፣ ውሎ አድሮም ልብን ሊጐዳ ይችላል። አጎቴ ቅዳሜ ማታ እግራቸው ሲኮማተር «እርጅና ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን ያንን ሰዓት ካየሁ ወዲህ ነገሩን ለእርጅና ብቻ ልተወው አልቻልሁም።

እንግዲህ የመጀመሪያው መመዘኛ ደቂቃው ነው። ከደቂቃው ጋራም የሚሄድ የደም ምርመራ አለ። ዩሪያ የሚባለው ቆሻሻ ከእጥበቱ በፊትና ከእጥበቱ በኋላ ይለካል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ በሚታጠብ ሰው ላይ ቢያንስ 65 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። ይህን በየወሩ የሚለካ ክሊኒክ ሥራውን ያውቃል። የማይለካው ግን ልብሱን ሳያይ «አጥቤዋለሁ» እንደሚል አጣቢ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ውኃው ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሽተኛው ውኃውን ስለማያየው ሊጠይቅበት አያስብም። ነገር ግን ማሽኑ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ስለሚያሳልፍ፣ በአንድ የአራት ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ውኃ ከበሽተኛው ደም አጠገብ ያልፋል። በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ ሰው በሁለት ወር የሚጠጣው መጠን ማለት ነው። የምንጠጣውን ውኃ ሆድና አንጀት ይቋቋሙታል፤ ይህንን ውኃ ግን ከደም የሚለየው አንድ ስስ ማጣሪያ ብቻ ነው። ለመጠጥ ደኅና የሆነው ውኃ እንኳ ለእጥበት መርዝ ሊሆን ይችላል። ጀርሞችን ለመግደል በቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ካልተወገደ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። አሉሚኒየምም በውኃው ውስጥ ሲቀር የብዙ በሽተኞችን አእምሮና አጥንት እንደጐዳ ከ50 ዓመት ወዲህ የታወቀ ነው።

በዚህ ረገድ እጅግ የሚያሳዝነው ታሪክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ በምትባል ከተማ የደረሰው ነው። በድርቅ ጊዜ ከአንድ ግድብ የተቀዳ፣ በሚገባ ያልተጣራ ውኃ በቦቴ እየተጫነ ለአንድ የእጥበት ክሊኒክ ይቀርብ ነበር። በግድቡ ውስጥ የሚያድጉ ረቂቅ ሕዋሳት ያመነጩት መርዝ በዚያ ውኃ ውስጥ ነበረበት። በሽተኞቹ ዓይናቸው ብዥ ማለት፣ ማስመለስ፣ ቀጥሎም ጉበታቸው መድከም ጀመረ። ከ50 የሚበልጡ ሰዎች በዚሁ መርዝ ምክንያት ሞቱ። ማሽኖቹ ይሠሩ ነበር፤ የጐደለው የውኃው ምርመራ ነበር። ስለዚህ ወደ አንድ ክሊኒክ የሚገባ ሰው «ማሽናችሁ ስንተኛ ሞዴል ነው?» ከማለት ይልቅ «ውኃው መቼ ተመረመረ? ውጤቱስ የት ተጻፈ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። ክሎሪኑ የዕለቱ ተራ ከመጀመሩ በፊት፣ ጀርሙ ደግሞ በየወሩ መታየት አለበት።

ሦስተኛው መመዘኛ እጅ ነው። ነርሷ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ስታልፍ ጓንቷን ትለውጣለችን? እጇንስ ታጸዳለችን? በጉበት በሽታ፣ ማለት በሄፓታይተስ ቢ የተያዘው በሽተኛ ለብቻው ማሽንና ለብቻው ክፍል አለውን? ደግሞስ ደሙ የሚወጣው በምን በኩል ነው? በ1966 የኒው ዮርክ ሐኪሞች ያስታወቁት ዘዴ፣ በክንድ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን በቀዶ ሕክምና ማገናኘት፣ እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚመረጠው ነው። በአንገት በኩል የሚገባው ቱቦ ግን በቀላሉ ለደም መመረዝ መግቢያ ስለሚሆን፣ ለጊዜው ካልሆነ በቀር አይመከርም። አንድ ክሊኒክ ከበሽተኞቹ ስንቱ በቱቦ፣ ስንቱ በክንድ እንደሚታጠቡ ቈጥሮ የሚያውቅ ከሆነ፣ ስለ ነገ የሚያስብ ክሊኒክ ነው።

አራተኛውና ሁሉንም የሚያስረው መመዘኛ መዝገቡ ነው። ሰው ሠራሽ ኩላሊትን ለሥራ ያበቁት ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ ሕክምናውን የጀመሩት በ1943፣ አገራቸው በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ነበር። በመጀመሪያ ከታከሙት በሽተኞች አብዛኞቹ ሞቱባቸው። ሆኖም ውጤቱን አልደበቁትም፤ በ1944 ያልሆነላቸውንም ጭምር ጽፈው አሳተሙ። በሕይወት ልትቆይ የቻለችው የ67 ዓመት ሴት የታከመችው በሚቀጥለው ዓመት በ1945 ነው። እንግዲህ ይህ ሕክምና የተወለደው ጉድለቱን በግልጽ ከጻፈ ሰው እጅ ነው። ሦስት ሰዓት ከሃያን «አራት ሰዓት» ብሎ የሚጽፍ ካርድ የእርሳቸውን ማሽን ወርሶ ልማዳቸውን የጣለ ነው።

ነገር ግን ፍርድ እንዳናዛባ የሌላውንም ወገን እንስማ። አጎቴ ባንቀላፉበት ጊዜ ነርሷን ቀስ ብዬ «ሲስተር፣ ሰዓቱ ለምን ያጥራል?» ብዬ ጠየቅኋት። አልተቈጣችም። «እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ። «አምስት ማሽን ለብቻዬ እጠብቃለሁ። መብራት ጠዋት ጠፍቶ ዘግይተን ጀመርን። ሦስተኛው ተራ በኮሪደር ቆሟል። የእርስዎን አጎት ካላወጣሁ የመጨረሻዋ እናት በሌሊት ወደ ቤቷ መሄዷ ነው።» ነገሩን ከዚህ ላይ ስናየው ጥፋቱ የልብ ክፋት አለመሆኑን እንረዳለን። ማጣሪያውና መድኃኒቱ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ኤሌክትሪኩም በክሊኒኩ እጅ አይደለም። እጅግ የደከሙ በሽተኞችን የሚቀበል ክሊኒክ ብዙ ቢሞቱበትም፣ ጤነኞቹን መርጦ ከሚቀበለው ይልቅ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዛኝ የሆነ ሰው በክሊኒኩ እጅ ያለውንና የሌለውን መለየት ይገባዋል። የምንዛሪ እጥረት በክሊኒኩ እጅ አይደለም፤ እጅ መታጠብ፣ ውኃ መመርመርና እውነተኛውን ደቂቃ መጻፍ ግን በእጁ ነው። እንዲያውም እውነተኛው ደቂቃ ቢጻፍ፣ ነርስ እንደሚያንስና ጄኔሬተር እንደሚያስፈልግ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ዋናው ማስረጃ ይሆን ነበር። «አራት ሰዓት» የሚለው ሐሰት ግን በሽተኛውን ብቻ አይደለም የጐዳው፤ ነርሷንም ያለ ረዳት አስቀርቷታል።

በአሜሪካ መንግሥት የእጥበቱን ወጪ ለአብዛኛው በሽተኛ እንዲሸፍን በ1972 በሕግ ከተወሰነ በኋላ፣ የከፈለበትን ሥራ መጠየቅ አልቀረም። ከ2001 ጀምሮ የእያንዳንዱ ክሊኒክ ውጤት ለሕዝብ ይገለጣል፤ ከ2015 ወዲህም በኮከብ ደረጃ ይሰጥበታል። ይህ አሠራር የራሱ ነቀፌታ አለበት፤ እኛም እንዳለ እንቅዳው አልልም። ሆኖም አንድ ቁም ነገር እንማርበት፤ በሽተኛ ያለ ፍርሃት ሊያየው የሚችል ቍጥር ሲኖር፣ ጥያቄው ከጠብ ይወጣና የዕለት ሥራ ይሆናል።

ለእኛ የሚያስፈልገው ኮከብም አይደለም። በእያንዳንዱ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ በየሦስት ወሩ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የታዘዘው ደቂቃና የተፈጸመው ደቂቃ፤ ውኃው የተመረመረበት ቀንና ውጤቱ፤ በቱቦ የሚታጠቡት ቍጥር፤ በደም መመረዝ የታመሙት ቍጥር፤ አንድ ነርስ የምትጠብቀው የማሽን ብዛት። ይህን ለመሥራት አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ ቀለም፣ ወረቀትና የማያፍር ልብ ነው የሚያስፈልገው።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። ነገ ፈቃድ የምትሰጡት፣ በጀት የምትመድቡት፣ ለቍጥጥር የምትላኩት እናንተ ናችሁ። ክሊኒክ ስትጐበኙ ወለሉን አይታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ፈርማችሁ አትውጡ። ወንበር ላይ ካለው በሽተኛ አጠገብ ተቀምጣችሁ ሰዓት ቍጠሩ፤ የውኃውን መዝገብ አስከፍቱ። ጠያቂ በሽተኛም ወንበሩን እንደማይነጠቅ በደንብ አጽኑለት። ምስጋና መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በሽተኛ ተመስጋኙን ስለፈራ ዝም ካለ፣ ያ ምስጋና ሳይሆን ፍርሃት ነው።

የአጎቴን ነገር ሳልጨርሰው አልለያችሁም። አንዲት ትንሽ ደብተር ገዛሁላቸው፤ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት እየጻፉ አንድ ወር ቆዩ። ከስምንቱ እጥበት አምስቱ ጐድሎ ተገኘ። ደብተሩን ለዋናው ሐኪም ሳሳያቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብለው አጎቴ ሊከተሉኝ አልወደዱም። ሐኪሙ ግን አገላብጠው አዩትና ብዙ ጊዜ ዝም ብለው «ይህን እኛ ነበርን መያዝ የሚገባን» አሉ። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱ ተራ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጀመራል፤ በካርዱም ላይ እውነተኛው ደቂቃ ይጻፋል። መብራት በጠፋ ቀን ዛሬም ይጐድላል፤ ግን ጐደለ ተብሎ ይጻፋል። አጎቴም አሁን ደብተራቸውን ራሳቸው ለነርሷ እያቀበሉ «ሲስተር፣ ፈርሚልኝ» ይላሉ።

ሐኪም ቤቶቻችን ሕመማቸውን ይግለጡ፤ እኛም መድኃኒቱን አብረን እንፈልግላቸው።