አፈር አፈር ይላል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለቡና ግን ስም የሚያወጣለት ቀማሹ ነው።

በእንግሊዝኛ «ሪዮይ» የሚባል የነቀፋ ቅጽል አለ። ከቡና ነጋዴና ከቀማሽ በቀር የሚያውቀው እንግሊዛዊ ጥቂት ነው። መድኃኒት መድኃኒት የሚል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ቡና ማለት ሲሆን የተወሰደውም ከብራዚሉ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ስም ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የዚህ ጣዕም ዋና ምክንያት ትራይክሎሮአኒሶል የሚባል ውሁድ መሆኑን አስታወቁ። ጥፋቱ የውሁዱ ሆኖ ሳለ ስድቡ ለከተማው ቀረ።

ይህን ማንሣታችን ቃላት ለማድነቅ አይደለም፤ የእኛም ከተማ ስም በዚያው መንገድ ላይ ስላለ ነው። «ጅማ 5» ሲባል በብዙ የውጭ ገዢ ጆሮ የሚሰማው ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀ ርካሽ ቡና ነው። ነገር ግን ከዚሁ ከጅማ ዞን የሚወጣው የሊሙና የአጋሮ የታጠበ ቡና ይመሰገናል። እንግዲህ ጉድለቱ የአገሩ ሳይሆን የአያያዙ ነው።

ቀማሾች «ኧርዚ» የሚሉት ሌላ ቃል አላቸው። እንግሊዞች ይህን ለሰው ሲናገሩት፣ ያልተሸፋፈነ ጠባዩን ማመስገናቸው ሊሆን ይችላል፤ በቡና ላይ ሲወድቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል። የእኛ አማርኛ ከዚህ የተሻለ ነው፤ «አፈር አፈር ይላል» ይላል። ይህ ፍርድ ብቻ አይደለም፤ ምክርም አለበት። ቡናው መሬት ላይ ተሰጥቶ እንደ ሆነ ወደ አልጋ ይውጣ ማለት ነው። «ሻጋታ ሻጋታ ይላል» ከተባለም፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ተከማችቶ እንደ ሆነ ይመርመር ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የገበያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፤ እኛም እንማረው። ነገር ግን የነቀፋው ቃል በቅምሻ ቤት ወረቀት ላይ ከቀረ፣ የጎማና የጌራ ገበሬ የሚሰማው «ዋጋው ወርዷል» የሚለውን ብቻ ነው። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ምኑን ያርመው?

ስለዚህ ነገ ቀማሽ፣ መዳቢና የግብርና ባለሙያ የምንሆን ተማሪዎች አንድ ልማድ እንያዝ። መጥፎውን ቡና መጥፎ ማለት አንፍራ፤ ግን ጉድለቱን ከነምክንያቱ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ለባለቤቱ እንንገረው። ለማድረቂያ አልጋው የሚወጣውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም አብረን እንጠይቅ። ይህን ካላደረግን የጅማ ስም እንደ ሪዮ ስም የነቀፋ ቅጽል ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ጊዜ መዝገበ ቃላት የገባ ስድብ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም።