«እየሠራ ነው እኮ!» ስንት ያስከፍላል?

ስልካችን «አዲስ አፕዴት አለ» ሲለን ዋይፋይ ፈልገን እናወርዳለን። የደንበኛ ስም፣ ደመወዝና ዕዳ የተቀመጠበትን የቢሮ ኮምፒውተር ግን ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ኢኮኖሚክስ ለተማርኩት ለእኔ ይሄ የሒሳብ ስህተት ነው።

የማወራው ስለ ባንኮች ዳታ ማዕከል አይደለም። እዚህ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ስላሉ የጥብቅናና የሒሳብ ቢሮዎች፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ስላሉ ሱቆች፣ ባልቻ ሆስፒታል ዙሪያ ስላሉ ፋርማሲዎች ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ሰርቨር ማለት ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ፒችትሪውንና ፋይሉን ለሌሎቹ የሚያካፍል አንድ ፒሲ ነው። ባለቤቱን «ለምን አይቀየርም?» ብትሉት መልሱ «እየሠራ ነው እኮ!» ነው።

አዎ፣ ይሠራል። ግን ጠባቂ የለውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ጁላይ 2015 ነው። ሰርቨር 2008 ጃንዋሪ 2020፣ ሰርቨር 2012 ደግሞ ኦክቶበር 2023 ላይ ተራቸው ደረሰ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የአዲሱን ቀዳዳ ሲደፍን፣ ያው ቀዳዳ አሮጌው ላይም ካለ ለሌባ አቅጣጫ እንደመጠቆም ነው። አዲሱ ተቆለፈ፣ አሮጌው ክፍት ቀረ።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ፋይል እየቆለፈ 300 ዶላር በቢትኮይን ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎችን ሰረዙ። መድፈኛው እኮ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር! ድጋፋቸው ለቆመው ለኤክስፒና ለሰርቨር 2003 ግን ለሁሉም የተለቀቀው እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው።

«እኔን ትንሹን ማን ብሎ?» የሚል አለ። ዋናክራይ ሰው አልመረጠም፤ ክፍት ያገኘውን ሁሉ ነው የገባበት።

የባለሱቆቹ ቅሬታ ግን እውነት አለው። ላይሰንስ በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብር የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ወጪውን ከዜሮ ጋር ሳይሆን ከጉዳቱ ጋር እናወዳድር። የግብር ማሳወቂያ ሳምንት ላይ ሒሳቡ ቢቆለፍስ? ማን ስንት እንዳለበት የሚያሳየው ፋይል ቢጠፋስ? የደንበኛ መረጃ ቢወጣ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ዛሬ የተቆጠበው ብር ትርፍ አይደለም፤ ወለዱ የሚቆጥር ብድር ነው።

ሁሉም በአንድ ቀን ይቀየር አልልም። መጀመሪያ ባክአፕ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ ነቅሎ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፤ ተሰክቶ ከዋለ አብሮ ይቆለፋል። ቀጥሎ አሮጌውን ማሽን ከኢንተርኔት ማላቀቅና ያገኙትን ፍላሽ ሁሉ አለመሰካት። ሥራው ፋይል ማካፈል ብቻ ከሆነ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በነፃ ይገኛል፤ የሚከፈለው ለሚጭነው ባለሙያ ነው። ፒችትሪ ዊንዶውስ ስለሚፈልግ ገንዘቡ እዚያ ላይ ይዋል። ክራክ የተደረገ አዲስ ቨርዥን ግን መፍትሔ አይደለም፤ ቁልፉን ለማታውቁት ሰው መስጠት ነው።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ የቤተሰባችሁ «አይቲ» ናችሁ። የአባት ሱቅ ወይም የአክስት ፋርማሲ ስትገቡ ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አርን አብራችሁ ተጫኑ፣ ዊንቨር ብላችሁ ጻፉ። ቨርዥኑ ይወጣል። ድጋፉ ካበቃ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።